ልጅ ክርስትና ስለማስነሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅ ሲወለድ ስልክ አያርፍም። መጀመሪያ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ወዲያው «ክርስትናው መቼ ነው?» ይከተላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ብዙ ነው። መልሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአያት፣ ከጎረቤትና ከቲክቶክ የተቃረመ ነው። እዚህ የሰበሰብኩት ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ነው። መልሱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ይከተላል። ካቶሊኮችና ወንጌላውያን የሚለዩበትን በቦታው አነሳለሁ። ቄስ አይደለሁም። የእናንተ ጉዳይ ለየት ያለ ከሆነ ንስሐ አባታችሁ አሉላችሁ።

ለመሆኑ ጥምቀት ምንድን ነው? ምልክት ነው ወይስ ከዚያ በላይ?

በተዋሕዶ ትምህርት ጥምቀት ምልክት ብቻ አይደለም። ልደት ነው። ኒቆዲሞስ የተባለው የአይሁድ መምህር በሌሊት ወደ ጌታ መጥቶ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ ይኸው ነው፦ «ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም» (ዮሐ. 3፥5)። ሰው ከእናቱ ሆድ ሁለቴ አይወለድም። ከጥምቀትም እንደዚያው።

ሌላም ገጽታ አለው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 6 ላይ በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር እንደተቀበርንና በአዲስ ሕይወት እንድንመላለስ እንደተጠራን ይጽፋል። ልጁ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚወጣው በሥላሴ ስም ስለሚጠመቅ ነው። መምህራን ሦስቱን መጥለቅ ጌታ በመቃብር ካደረበት ሦስት መዓልትና ሌሊት ጋርም ያያይዙታል።

ቤተ ክርስቲያን ጥምቀትን ከሰባቱ ምሥጢራት ቀድማ ትቆጥራለች። የእምነቱ ዋና ትምህርቶች ከሆኑት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢርም ሦስተኛው እሱ ነው። ሳይጠመቁ መቁረብ የለም። ክህነት የለም። በተክሊል መጋባትም የለም። በየቅዳሴው የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት «ኃጢአትን በምታስተሰርይ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» ይላል። ይህ ቃል እ.ኤ.አ. በ381 ከተደረገው የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ጋር የሚያያዝ ነው። «አንዲት» የምትለዋን ያዟት፤ ወደ ታች ትመጣለች።

ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን የሚጠመቁት ለምንድን ነው?

ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ነው። በኦሪቱ ሕግ ወንድ የወለደች እናት 7 እና 33 ቀን ቆይታ ወደ መቅደስ ትመጣለች። ሴት የወለደች ደግሞ 14 እና 66 ቀን። ሲደመር 40 እና 80 ይሆናል።

ሁለተኛው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት እንደገቡ ይናገራል። ኩፋሌ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራል። ስለዚህ መምህራኑ የሚመርጡት ብዙ ጊዜ ይሄንን ነው። አዳም ያጣትን ገነት ልጁ በጥምቀት ይመለስባታል ይላሉ።

«ሴቷ ለምን እጥፍ?» የሚለው ጥያቄ ከወጣት እናቶች ይመጣል፤ ትክክልም ነው መጠየቁ። «ሴት ስለምታንስ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ሔዋንም ገነት ገብታለች። ውኃው፣ ሜሮኑ፣ ቁርባኑ ለሁለቱም አንድ ነው።

ቀኑ እንዴት ይቆጠራል? ቢያልፍስ?

የተወለደበት ቀን አንድ ተብሎ ይጀመራል። መስከረም 1 የተወለደ ወንድ 40 ቀን የሚሞላው ጥቅምት 10 ነው። በዚያው ቀን የተወለደች ሴት 80 ቀን የሚሞላት ኅዳር 20 ነው። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ስለሆነ በጣት መቁጠር ይቻላል። ጳጉሜን በመሐል ከገባች ብቻ ተጠንቀቁ።

ቀኑ ሰሙነ ሕማማት ላይ ከዋለ ይተላለፋል። በዚያ ሳምንት ክርስትና አይነሳም፤ ፍትሐትም አይደረግም። እናት ከታመመች ወይም ሌላ ችግር ከገጠመ ጥቂት ቀን ማለፉ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ «ድግሱ ይድረስልን» ብሎ ወራት ማሳለፍ ነው።

በተቃራኒው ልጁ በጠና ከታመመና ለሕይወቱ ከተሰጋ 40 እና 80 አይጠበቅም። ቄስ ይጠራል፣ ልጁ ይጠመቃል። ለማታ ለሌሊት ብላችሁ እንዳታፍሩ። የማጥመቅ ሥልጣን የካህን ስለሆነ የንስሐ አባታችሁን ስልክ ከመውለዳችሁ በፊት መዝግቡ። (በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሞት አደጋ ሲኖር ማንኛውም ሰው፣ ነርስም ብትሆን፣ በሥላሴ ስም ማጥመቅ ትችላለች።)

ሳይጠመቅ የሞተስ?

መጻሕፍቱ ራሳቸው ጥቂት በር ይከፍታሉ። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ውኃ ሳይነካው «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተብሏል። ሳይጠመቁ በሰማዕትነት ያለፉትንም ቤተ ክርስቲያን በደማቸው እንደተጠመቁ ትቆጥራለች። ሕፃን ልጁን ሳያስጠምቅ የቀበረ ወላጅ ግን ጥያቄውን ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። የፌስቡክ ኮሜንት ላይ ለዚህ መልስ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው።

ሕፃን ምን ያውቃል? ሳያምን ለምን ይጠመቃል?

ይሄ የወንጌላውያን ወዳጆቻችን ዋና ጥያቄ ነው። ቀላልም አይደለም። «ያመነ የተጠመቀም ይድናል» (ማር. 16፥16) ይላል። መጀመሪያ እምነት፣ ከዚያ ጥምቀት። የ40 ቀን ልጅ ደግሞ ገና እናቱን በወጉ አልለየም።

የቤተ ክርስቲያን መልስ ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል። በሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ልድያ ከነቤተሰቧ ተጠመቀች። የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂም በዚያችው ሌሊት ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር። ሕፃናት ነበሩ ብሎ አይጽፍም። አልነበሩም ብሎም አይጽፍም። እስራኤል ልጆቻቸውን በስምንተኛው ቀን ሲገርዙ ልጁን አስፈቅደው አልነበረም፤ ጳውሎስም በቆላስይስ 2 ላይ ግርዘትንና ጥምቀትን ጎን ለጎን ያነሳቸዋል። እኔን ከሁሉ የሚያሳምነኝ ግን የማርቆስ 2 ታሪክ ነው። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ። በር ቢዘጋባቸው ጣራ ነደሉ። ጌታም «እምነታቸውን አይቶ» ማረው ይላል፤ የተሸካሚዎቹን ጭምር ማለት ነው። ልጅም እንዲሁ በወላጁና በክርስትና አባቱ እጅ ይመጣል።

ታሪኩም አስገራሚ ነው። ጠርጡለስ የተባለው የካርታጎ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ ሕፃናትን ማጥመቅ ቢዘገይ ይሻላል ብሎ ጽፏል። መቃወሙ ራሱ በዘመኑ ይጠመቁ እንደነበር ያሳያል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በዚያው በካርታጎ በጳጳሱ በቅዱስ ቆጵርያኖስ ዘመን የተነሳው ክርክር ሌላ ነበር። ሕፃን ይጠመቅ ወይ ሳይሆን፣ እስከ ስምንተኛው ቀን ይጠበቅ ወይ የሚል። አይጠበቅ ተባለ። በአራተኛው መቶ ዘመን ደግሞ ትልልቆቹ ሰዎች ጥምቀትን ለዕድሜ መጨረሻ ማቆየት ጀመሩ። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ የተጠመቀው ሊሞት ሲቃረብ፣ እ.ኤ.አ. በ337 ነው። ኃጢአቴ ሁሉ በአንዴ ይታጠብልኝ የሚል ስሌት ነበረበት ይባላል። ጥበብ አይመስለኝም፤ ማን የሞቱን ቀን ያውቃል?

የአማኞች ጥምቀት የሚባለው እንቅስቃሴ በአውሮፓ ገንፍሎ የወጣው ጥር 1525 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ውስጥ ነው። ኮንራድ ግሬበል በሕፃንነቱ የተጠመቀውን ጆርጅ ብላውሮክን እንደገና አጠመቀው። ከዚያ ብዙዎቹ ተሰደዱ፤ ብዙዎችም በውኃ ሰጥመው እንዲሞቱ ተፈረደባቸው። የኛው መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ እንቅስቃሴ የወጣው የሜኖናይት ወገን ናት።

እኔ በሕፃናት ጥምቀት አምናለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር። ልጁን አስጠምቆ፣ ቪዲዮ አስቀርጾ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ጸሎት እንኳ ሳያስተምረው የሚያሳድግ ወላጅ ለተቃራኒው ወገን ማስረጃ እያቀበለ ነው።

በዕለቱ በትክክል ምን ይደረጋል?

ስትደርሱ ገና ጎህ አልቀደደ ይሆናል። ጥምቀቱ ከቅዳሴ በፊት ነው፤ ልጁ በዚያው ቅዳሴ ይቆርባልና። ጡት ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደማይሰጠው ቀድማችሁ ካህኑን ጠይቁ። ይሄ የሚረሳ ነገር ነው። ጠዋት ላይ የሚያለቅስ ልጅና የምትጨነቅ እናት ያመጣል።

ክርስትና ቤት ውስጥ ቤተሰቡ ተጨናንቆ ይቆማል። ካህኑ መጽሐፈ ክርስትናውን ይደግማል። ልጁን የያዘው ሰው ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞራል፤ በልጁ ፈንታ ሰይጣንን ይክዳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን ይናገራል። ብዙ ሰው ይሄን ቦታ በደንብ አይሰማም፤ ካሜራ ሲያስተካክል ያልፈዋል። የቀኑ ክብደት ያለው ግን እዚህ ነው። ያ ሰው ለሌላ ሰው ነፍስ ቃል እየገባ ነው።

ውኃው በጸሎትና በመስቀል ይባረካል። ልጁ ልብሱን አውልቆ ይቀርባል። ካህኑ «አጠምቀከ በስመ አብ» ብሎ ያጠልቀዋል፤ ያወጣዋል። «ወወልድ» ብሎ ሁለተኛ። «ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ሦስተኛ። ለሴት ልጅ «አጠምቀኪ» ይላታል። ልጁ ይጮኻል። እንዴት ያለ ጩኸት! አያት «ይጩኽ፣ ጎበዝ» ትላለች፤ እናት ግን ሆዷ ይባባል። ክርስትና አባቱ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ከካህኑ እጅ ይቀበለዋል።

ከዚያ ሜሮን አለ። ሜሮን ከብዙ ቅመም የሚዘጋጅና በሊቀ ጳጳስ የሚባረክ ቅዱስ ቅባት ነው። ልጁ ከግንባሩ ጀምሮ በ36 የሰውነት ክፍሎቹ ላይ በመስቀል ምልክት ይቀባል። ዓይኑ፣ ጆሮው፣ ልቡ፣ መገጣጠሚያዎቹ፣ እጅ እግሩ። ምዕራባውያን ካቶሊኮች ማጽኛ ብለው ዓመታት አቆይተው የሚሰጡት ምሥጢር በእኛ ዘንድ እዚያው ቅጽበት ይፈጸማል። ካህኑ ፊቱ ላይ እፍ ይልበታል። ማዕተብ ይታሰርለታል። ነጭ ልብስ ይለብሳል።

ቅዳሴው ሲደርስ ይቆርባል። ጠብታ ታክላለች የምትሰጠው። ውኃ፣ ሜሮን፣ ቁርባን፤ ሦስቱም በአንድ ጠዋት። እልልታው ያኔ ይቀልጣል።

ሽታውን ለማጣት አትቸኩሉ። ወላጆች ማታ ልጁን ሲያቅፉ ሜሮኑ ከፀጉሩ ይሸታቸዋል። ወዲያው አጥባችሁ አታስወግዱት፤ መቼና እንዴት እንደሚታጠብ ካህኑ ይነግሯችኋል።

ክርስትና አባት ወይም እናት ማን ይሁን?

ለወንድ ልጅ ወንድ፣ ለሴት ልጅ ሴት ይመረጣል። የገዛ ወላጅ መሆን አይችልም። ራሱ የተጠመቀ፣ በሃይማኖቱ የጸና፣ ንስሐ አባት ያለው ሊሆን ይገባል። ሥርዓቱ ይሄን ይላል።

በተግባር የሚሆነው ሌላ ነው። «እሱ አሜሪካ ነው፣ ልጁን ይጠቅመዋል» ይባላል። «እሷ ጥሩ ደሞዝ አላት» ይባላል። የወርቅ ሐብል ይጠበቃል። እንደኔ ይሄ የሥርዓቱን ወገብ የሚሰብር ነገር ነው። ክርስትና አባት ስፖንሰር አይደለም። ልጁ ክፉና ደጉን ሲለይ «በአንተ ፈንታ የካድኩት ይሄን ነበር፤ ያመንኩትም ይሄን» ብሎ የሚያስተምር ሰው ነው። አቡነ ዘበሰማያትን የሚያስጠና፣ ለመቁረብ የሚያበረታታ፣ ወላጆች ቢሞቱ ሃይማኖቱን አደራ የሚረከብ። ሰፈር ያለች ደሀ መነኩሲት ወይም ቅዳሴ የማትቀር አክስት ከዱባዩ ነጋዴ ትበልጣለች።

በቪዲዮ ኮል መሆን ይቻል እንደሆነም ይጠየቃል። ልጁን ከውኃ የሚቀበለው እጅ ነው። ስልክ አይቀበልም።

አንድ ጉዳይ ወጣቶች ሲሰሙት ይደነግጣሉ። በክርስትና የተዛመደ አይጋባም። ክርስትና አባት ክርስትና ልጁን፣ ልጆቹም ክርስትና ልጁን ማግባት አይችሉም፤ እንደ ወንድምና እህት ይቆጠራሉ። ሁለቱ ቤተሰቦች አበልጆች ይሆናሉ። አበልጅ ደግሞ በችግር ቀን ከሥጋ ዘመድ ቀድሞ የሚደርስ ነው፤ ቢያንስ ድሮ እንደዚያ ነበር።

የክርስትና ስም ምንድን ነው? መታወቂያ ላይ ይገባል?

መታወቂያ ላይ አይገባም። በቤተ ክርስቲያን ግን የሚጠራው እሱ ነው። ሲቆርብ፣ ሲናዘዝ፣ በተክሊል ሲያገባ፣ ሲሞትም በፍትሐት የሚነሳው በክርስትና ስሙ ነው። ካህኑ ብዙ ጊዜ ከዕለቱ በዓል ይነሳል። በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ነው። ስለዚህ ኃይለ ሚካኤል፣ ወለተ ኪዳን፣ ክንፈ ገብርኤል፣ አስካለ ማርያም እየተባለ ይሄዳል። ከቤተሰቡ የሚወጣ ሐሳብ ካለ አስቀድሞ መንገር ይቻላል።

አንዳንዱ የክርስትና ስም አደባባይ ወጥቷል። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የያዙት ኃይለ ሥላሴ የሚለው ስም የክርስትና ስማቸው ነው።

ብዙ ቤተሰብ ስሙን ይደብቃል። «በክርስትና ስሙ መተት ይሠራበታል» ይባላል። የተጠመቀና ሜሮን የተቀባ ልጅ ስሙ ቢታወቅ ምን ይሆናል ብላችሁ ነው? ከሁሉ የሚያሳዝነው በጣም ተደብቆ ባለቤቱ ራሱ ያልሰማው ስም ነው። የሠርጉ ሳምንት «እማዬ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነበር?» የሚል ስንቱ አለ። ጻፉት።

ማዕተብ ግዴታ ነው?

የክርስትና ምልክት ነው። ሲጠመቅ በአንገቱ ይታሰራል። ሲያረጅ ይቀየራል። ጥምቀቱን የሚያጸናው ግን ክሩ አይደለም፤ ተበጥሶ ቢወድቅ ልጁ ክርስትናው አልጠፋም። ለሕፃን ረጅም ክር አትሠሩለት። ሲተኛ አንገቱ ላይ እንዳይጠመጠም አሳጥሩት ወይም ሐኪሙ የሚላችሁን ስሙ።

ድግሱስ?

ድግስ የምሥጢሩ አካል አይደለም። ዘመድ ተሰብስቦ ቢበላ ደስ ይላል። ዕቁብ አስቀድሞ በልቶ፣ ከሰው ተበድሮ፣ ድንኳን ተክሎ ዓመቱን ሙሉ ዕዳ መክፈል ግን ለማን ነው? ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ ድግሱም የጾም ነው። በሁዳዴ ክርስትና ዶሮ ወጥ የሠራ ቤት አይቼ ካህኑ ባርከው ሳይቀምሱ ሄደዋል።

ትልቅ ሰው እንዴት ይጠመቃል?

ተምሮ። ከመጠመቁ በፊት የሚማር ሰው ንዑሰ ክርስቲያን ይባላል። ቀን መቁጠር የለበትም፤ 40 እና 80 የሕፃናት ነው። ሰይጣንን የሚክደውም፣ የሚያምነውም በራሱ አንደበት ነው። ንስሐ ይገባል፣ ይጠመቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ይቆርባል።

የዚህ ጥንታዊ ምሳሌ የራሳችን ሰው ነው። የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሹም የሆነው ጃንደረባ ለመስገድ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ በጋዛ መንገድ ሰረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ጠጋ ብሎ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» አለው። «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። አስተማረው። ውኃ አጠገብ ሲደርሱ «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ብሎ የጠየቀው ራሱ ጃንደረባው ነው (ሐዋ. 8)። ማንም አልገፋፋውም። ሊያገቡ ሲሉ ብቻ፣ ለአማት ደስታ ብለው የሚጠመቁ ሰዎች ይህችን ምዕራፍ ቢያነቧት እወዳለሁ።

ሁለት ጊዜ መጠመቅ ይቻላል?

አይቻልም። «አንዲት ጥምቀት» ያልነው ለዚህ ነው። ተጠምቆ ወደ ሌላ ሃይማኖት ሄዶ የተመለሰ ሰው እንደገና ክርስትና አይነሳም። በንስሐ ይመለሳል፤ ለዚህም መጽሐፈ ቄደር የሚባል የጸሎት መጽሐፍ ይደገምለታል፣ ይረጫል። ሁለተኛ ክርስትና ግን አይደለም።

ሌላ ቤተ እምነት ተጠምቆ ወደ ተዋሕዶ የሚመጣ ሰው ጉዳይ ይለያል። የት፣ በማን፣ በምን ስም እንደተጠመቀ ይታያል። ክርክሩ አዲስ አይደለም። በ250ዎቹ እ.ኤ.አ. ቆጵርያኖስና የሮሙ ጳጳስ እስጢፋኖስ በዚሁ ተጋጭተዋል። የአጥቢያውን አስተዳዳሪ ሳትጠይቁ «መጠመቅ አለብህ» ወይም «የለብህም» አትበሉ።

ካቶሊኮችና ወንጌላውያን እንዴት ነው የሚያጠምቁት?

ካቶሊኮች ሕፃናትን ያጠምቃሉ። በአብዛኛው ውኃውን በራስ ላይ በማፍሰስ ነው። መካነ ኢየሱስ የሉተር ወገን ስለሆነች እሷም ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። ሙሉ ወንጌል፣ ቃለ ሕይወትና መሠረተ ክርስቶስ አምኖ ለመሰከረ ሰው ብቻ ነው የሚሰጡት። ተጠማቂው የውኃ ጥምቀት ትምህርት ይጨርሳል፤ ከዚያ ገንዳ ወይም ወንዝ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጠልቃል። ልጆቻቸውን ደግሞ ጉባኤ ፊት አቅርበው ይጸልዩላቸዋል። በብዙዎቹ ዘንድ ጥምቀት በልብ የሆነውን በአደባባይ መመስከሪያ ነው። ልዩነቱ ከውኃው መጠን ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ጥር 11 ጠበል ከተረጨሁ ተጠመቅኩ ማለት ነው?

አይደለም። የጥምቀት በዓል ጌታ በዮርዳኖስ መጠመቁን የምናስብበት ነው። በከተራ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ጃን ሜዳ ያድራሉ፤ ጎንደር ላይ ወጣቱ ፋሲል መዋኛ ይዘላል። በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበውም ይህ በዓል ነው። ጠበሉ በረከት ነው። ለሕመም በየጠበሉ ቦታ የሚጠመቁትም እንደዚሁ፤ በየዓመቱ፣ በየወሩ ይደጋገማል። ጥምቀተ ክርስትና ግን አይደገምም። ያልተጠመቀ ሰው ጥር 11 ቢረጭ ክርስቲያን አይሆንም።

ውጭ አገር ነን። ምን እናዘጋጅ?

መጀመሪያ ደውሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ አጥቢያዎች ሕንፃ ተከራይተው ስለሚቀድሱ ቀኑ 40ኛው ቀን ላይ ሳይሆን ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ይያዛል። 40 ወይም 80 ሳይሞላ መቅደም ነው እንጂ የማይሆነው፣ ጥቂት መዘግየት ይቻላል። በክረምት ውኃው ለብ እንዲል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ነጭ ልብስ፣ ሁለት ፎጣ፣ ማዕተብ፣ ቅያሪ ልብስ ያዙ። የክርስትና አባቱን ሙሉ ስምና የክርስትና ስም በወረቀት ጻፉ፤ ካህኑ ይጠይቃሉ፣ ያኔ ሁሉም ሰው ይጠፋበታል። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ የክርስትና ምስክር ወረቀት ሳትቀበሉ አትሂዱ። ልጁ ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ ከተማ ተክሊል ሲጠይቅ የሚፈለገው ይሄው ወረቀት ነው። ፎቶ አንሱትና ለክርስትና አባቱም ላኩለት።